ለሩር የሚከብድ ዱላ

ሰውመሆን ዱላውን በአየር ላይ ወዘወዘና መልሶ ከክምሩ ላይ ጣለው።

«ይኸም ቀለለህ?» አሉት አያ ታደለ፣ መጥረቢያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው።

«ቀለለኝ አያ።»

«አምና የያዝኸው ከዚህም የቀጠነ ነበር።»

ሰውመሆን ሌላ ዱላ ፍለጋ ክምሩን አገላበጠ። የአምናውን ዱላ በገና ማግስት ለሁለት ሰብሮ እሳት ውስጥ ከትቶታል። ይህንን አያ ታደለም ያውቃሉ፣ ሰፈሩም ያውቃል።

የፎገራ ሜዳ ሩዝ እንጂ ወይራ አያበቅልም። አያ ታደለ ዝናቡ ሲያባራ በደብረ ታቦር መንገድ ዳገቱን ወጥተው ከሥሩ የጎበጠ ወይራ እየመረጡ ያመጣሉ። በእሳት አግለው ጫፉን ይቆለምሙታል፤ ቅቤ ቀብተው ከጣራ ሥር ይሰቅሉታል። ገና ሲቃረብ ሩር የሚመታ ወንድ ሁሉ ግቢያቸው እየመጣ ይመርጣል።

«በክንድህ አትመዝነው» አሉት። «ጫፉን መሬት አስነካውና እጅህን ላላ አድርገው። አንተ ሳትገፋው ወደ ሩሩ ከዞረ ያንተ ነው።»

«ከባድ የለዎትም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«ከባዱንማ ትናንት በላይነህ ወሰደው።»

የሰውመሆን እጅ ክምሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የቱን?»

«ያን የምሰሶ ቁራጭ የሚመስለውን። ለሩር አይሆንህም፣ ጭንቅላቱ ይከብዳል ብዬው ነበር። ‹ግድ የለም አያ› አለና በባጃጅ ይዞት ሄደ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዱላ ሊወስድ መጣ፣ ዱላ ወሰደ።»

አምና በገና ዕለት፣ አቧራው ሰው ከሰው በማያስለይበት ሰዓት፣ የሰውመሆን ዱላ የአንዷለምን ጉልበት አገኘው። አንዷለም የበላይነህ ታናሽ ወንድም ነው። ሐኪም ቤት ከርሞ ወጣ፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱንም ማሳ የሚያርሰው በላይነህ ብቻ ነው።

በገና ሜዳ ለደረሰ ጉዳት ክስ የለም፣ ካሳ የለም፣ ሽማግሌም አይቀመጥም። ወጉ ይህ ነው። ሰውመሆን ግን አላስችለው ብሎ የነፍስ አባቱንና ሁለት ጎረቤቶችን ላከ። በላይነህ ከደጁ ቆሞ መለሳቸው። «በጨዋታ የደረሰ ነው አባ። ምንም አልበደለንም። ይቅር የምንለው ነገር የለም» አለ። ሽማግሌዎቹ መልካም መልስ አገኘን ብለው ተመለሱ።

ሰውመሆን መፍራት የጀመረው ያን ቀን ነው። ካሳ ክፈል ቢሉት ከፍሎ ይተኛ ነበር። አሁን ግን የሚከፍለው ነገር የለም፤ ወጉ ደግሞ ለእሱ እንደሠራ ለበላይነህም ይሠራል። ገና ይመጣል፣ አቧራ ይነሣል፣ አንድ ዱላ አንድ ጉልበት ያገኛል። በጨዋታ የደረሰ ነው ይባላል።

በላይነህም ከዚያ ወዲህ ሰውመሆን ወደሚሠራበት የሩዝ መፈልፈያ አልመጣም። ሩዙን በጋሪ ጭኖ፣ በበሩ ፊት አልፎ፣ እስከ ሐሙሲት ይወስደዋል። ሲያልፍ ፊቱን አያዞርም።

ሰውመሆን ከቀረው ሁሉ የከበደውን መርጦ ወሰደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ፣ ንጋት፣ ሩዝ ታበጥር ነበር። ሰፌዱን ይዛ አየችው።

«ይኸ ምንድን ነው? የበር መወርወሪያ?»

«የገና ዱላ ነው።»

«የምትመቱት ዝሆን ነው እንዴ ዘንድሮ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ምን ሆንህ?»

«በላይነህ ከዚህ የሚከብድ ወስዷል።»

ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አትሂድ። ወገቤን አመመኝ በል። ጆንያ ሲያነሣ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው ማን ይገረማል?»

«ከቀረሁ ምን እንደሚሉ አታውቂም?»

«ይበሉ።»

«ይኸው ፈርቶ ቀረ፣ ሆን ብሎ ነበር የመታው ይላሉ። እስከ ልጅ ልጄ ድረስ ይላሉ።»

«ሆን ብለህ ነበር እንዴ?»

ሰውመሆን ቀና ብሎ አያት። ዓመቱን ሙሉ ይህን አልጠየቀችውም ነበር።

«ሩሩን ነበር የማየው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ። ሩሩን ማየቱን ያውቃል። ግን ከዚያ ገና በፊት፣ በክረምቱ መውጫ፣ አንዷለም የውሃውን ቦይ ደፍኖበት ሩዙ ደርቆ ነበር። ተሰዳድበዋል፤ ሰውም ሰምቷል። ዱላውን ባነሣባት ቅጽበት ያ ቦይ በልቡ ነበረ ወይስ አልነበረም? ራሱን ሲጠይቅ መልሱ ይጠፋዋል። አንዳንድ ቀን አልነበረም ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝም ብሎ ማሽኑን ያስነሣል።

ከሥራ በኋላ ከመፈልፈያው ጀርባ፣ ከእብቁ ክምር አጠገብ፣ አዲሱን ዱላ ሞከረው። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር መሬት ላይ አኖረ። አምና እዚሁ ቆሞ በሩር ከሩቅ ያለ ጣሳ ይመታ ነበር። አሁን ሩሯ ወደ ግራ ሄደች። መልሶ አመጣት፤ እንደገና ወደ ግራ። የዱላው ጭንቅላት ከእጁ ዘግይቶ ይመጣል። አቅርቦ፣ በእርምጃ ርቀት፣ ሕፃን በማይስተው ቦታ አስቀምጦ ነካ ሊያደርጋት ሰነዘረ። ሩሯን ሳይሆን መሬቱን መታ።

እንግዳው የሚባለው የመፈልፈያው ዘበኛ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ያየው ነበር።

«መሬቱ ምን በደለህ?» አለው።

«ዱላው አልለመደኝም።»

«ቀይረዋ። የእኔን ላውስህ፣ ላባ ነው።»

«ይኸው ይሁን።»

«ለሩር ነው አይደል?»

ሰውመሆን ሩሯን ከኪሱ ከትቶ ሄደ።

የገና ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ተመልሶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ሩዝ ወደታጨደበት ሜዳ ወረደ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ላይ ሰፈር በአንድ ወገን፣ ታች ሰፈር በሌላ ወገን ተሰልፎ ይሰዳደባል።

«ላይ ሰፈሮች! ዱላውን ለምርኩዝ ነው ያመጣችሁት?»

«እናንተስ ሩዝ በልታችሁ ሆዳችሁ ሩር መስሏል! እሱን እንዳንመታው ዞር በሉ!»

አንዷለም በሜዳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል። ሰውመሆን በሌላ በኩል ሊያልፍ ፈልጎ ነበር፤ ተጠራ።

«ሰውመሆን! እንኳን አደረሰህ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«ዱላህ ወፈረሳ። የአምናው የት ገባ?»

«ተሰበረ።»

«እንደ እኔ እግር» አለና አንዷለም ሳቀ። አጠገቡ የነበሩት እንሳቅ አንሳቅ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ሰውመሆን እርምጃውን አፍጥኖ አለፈ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሰውመሆን ከላይ ሰፈር፣ በላይነህ ከታች ሰፈር ጋር ነው። ከባዱን ዱላ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዟል። ሰውመሆን ወደ ቀኝ ሲሮጥ ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ሲቆም ይቆማል። ሩሯ ሌላ ቦታ ናት፤ የበላይነህ ዓይን ግን ከሰውመሆን አይነቀልም። ሰውመሆንም ከእሱ አልነቀለም። ሩሯ ሁለት ጊዜ በእግሩ ሥር አለፈች።

«ምነው ሰውዬ፣ ሚዜ ሆነህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ጮኸበት ከወገኖቹ አንዱ። «ምታ እንጂ!»

አቧራው ተነሣ። ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ይሰማል፣ ሰው አይታይም። ሰውመሆን ወደ ዳር ሸሸ። ያን ጊዜ ሩሯ ከግርግሩ አምልጣ እየተንከባለለች መጣችና በሜዳው ዳር ካለው ደረቅ ቦይ አፍ ላይ፣ ከፊቱ ቆመች። ሌላ ሰው የለም። ቀና ሲል በላይነህ በቦዩ ማዶ ቆሟል።

በላይነህ ቦዩን ዘለለ። ሲያርፍ የሱሪው እግር ወደ ላይ ተሰበሰበ። ከሥሩ የሩዝ ጆንያ አለ፤ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ በሲባጎ ተተብትቧል። የሌላኛውም እግር ሱሪ አብጦ ነበር።

ሰውመሆን ጆንያውን አየ። ከዚያ የበላይነህን ፊት አየ። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ዓይኑ ሩሯን አያይም። የሚያየው የሰውመሆንን ዱላ ነው። እንዲህ ያለውን ዓይን ሰውመሆን ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የራሱ ነበር። ይህ ሰው ሩዙን እስከ ሐሙሲት የወሰደው፣ ሲያልፍ ፊቱን ያላዞረው፣ የወንድሙን ጉልበት አይቶ ስለፈራ ነው።

ያኔ ነው የራሱን እጅ ያየው። ዱላው ከትከሻው በላይ ተነሥቷል። መቼ እንዳነሣው አያስታውስም። ወደ ሩሯም አላነጣጠረም።

«ምታው! ሰውመሆን፣ ምታው!» ይላል ላይ ሰፈር ከኋላው። አቧራው እየሳሳ ነው፤ ሕዝቡ እየመጣ ነው። በላይነህ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ቦዩ አለ። ከባዱን ዱላ ቀስ ብሎ አነሣ።

ሰውመሆን መሮጥ ይችል ነበር፤ ወይም ቀድሞ መምታት።

ዱላውን አወረደ። በሁለት እጁ ከጀርባው ያዘው። ጉልበቶቹ ከሩሯ አጠገብ ባዶአቸውን ቀሩ።

«ያንተ ናት» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ እንደገና አለው። «በላይነህ፣ ሩሯ ያንተ ናት። ምታት።»

ከኋላው ሰዎቹ መሳደብ ጀመሩ። የበላይነህ ዱላ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው።

ሰውመሆን እግሩን ከቦታው አላነሣም።