በአውቶቡስ የሄደው የሕፃን አልጋ

ጋሽ ሚሊሜትር አናጢ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የሠፈሩ ሰው ነው፤ በር ሲገጥሙ ፀጉር የምታህል ክፍተት ካዩ ፈትተው እንደገና ስለሚጀምሩ። ሴት ልጃቸው በሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ «አልጋውን ለእኔ ተዉት» ብለው ቃል ገቡ። እንጨቱ ሲላግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ፣ ሲቀባ፣ አልጥም ብሏቸው እንደገና ሲፋቅ ጊዜው ነጎደ፤ የልጅ ልጃቸውም ሳትጠብቃቸው ተወለደች። ባለቤታቸው ቀድመው ሄደው አራሷን ሲንከባከቡ፣ እሳቸው ቤት ቀርተው ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሲጠብቁ ሰነበቱ።

አንድ ቀን ጠዋት አልጋውን በትከሻቸው ተሸክመው መናኸሪያ ደረሱ። የአውቶቡሱ ረዳት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ቀጭን ሰው፣ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ።

«አባባ፣ እሱ ላይ ነው የሚሄደው።»

ጋሽ ሚሊሜትር ቀና ብለው አዩ። ጣሪያው ላይ የከሰል ጆንያ፣ የብረት በርሜልና እግራቸው የታሰረ ሁለት በጎች ተጭነዋል።

«ይሄ ላይ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ» አሉ።

«ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ሁለታችንንም ውስጥ አስገባን።»

ረዳቱ ከሽማግሌ ጋር ክርክር ገጥሞ የረታ ሰው አያውቅም መሰለኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ መንገድ ለቀቀላቸው።

ወንበር አገኙ፤ አገኙ ከተባለ። ለሁለት ሰው የተሠራው ወንበር ሦስት ሰው ይዟል። መሀል ገብተው አልጋውን ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡ ከፊታቸው ያለው ዓለም ሁሉ ጠፋ፤ የሚታያቸው የገዛ እጃቸው ሥራ ብቻ ሆነ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ደልደል ያለች የሽንኩርት ነጋዴ፣ በመተላለፊያው በኩል ደግሞ ጣቶቹ ላይ ጠመኔ ያልለቀቀው ወጣት መምህር፣ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ቀርቶ ተቀምጠዋል። የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ስለቆመ መውደቅ እንኳ አይቻልም። ረዳቱ ግን ከበሩ ሆኖ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ መሀሉ እኮ ባዶ ነው» ይላል።

«ባዶ የሆነውስ ያንተ ሆድ ነው» አለች ነጋዴዋ። ሰው ሳቀ። ሲስቅ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚነቃነቅ አውቶቡሱም አብሮ የሳቀ መሰለ።

ብዙም ሳይቆይ የሰው ዓይን አልጋው ላይ አረፈ። እግር ማሳረፊያ በጠፋበት ቦታ ባዶ አልጋ ትልቅ ሀብት ነው። አንዱ ቦርሳውን፣ ሌላው ጃኬቱን ሊያኖርበት ለመነ። ነጋዴዋማ ሳትጠይቅ ፌስታሏን ጣል አደረገችበት። ጋሽ ሚሊሜትር ፌስታሉን አንስተው መለሱላት።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄ ሳትተኛበት ሌላ ነገር አይገባበትም።»

«ሽንኩርት እኮ ነው አባቴ፤ አያለቅስም።»

«ያስለቅሳል እንጂ» አሉ።

ነጋዴዋ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና «ይሁን፣ ረቱኝ» ብላ ፌስታሏን ታቀፈች።

መንገዱ ሲጋመስ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተሳፈረች። በየት እንደተሽሎከለከች እንጃ፣ መጥታ ከእነሱ ወንበር አጠገብ ቆመች። መምህሩ ሊነሣላት ሞከረ፤ ግን እግሩን የሚተክልበት ስፍራ አጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ነጋዴዋ እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሕፃኑ ሙቀቱ አስጨንቆት ኖሮ፣ የማያውቀው ክንድ ሲጨመርበት ጭራሽ ባሰበት። ለቅሶው ጆሮ ይበሳል። እናትየው ማንም ሳይወቅሳት «ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለች ላቧና እንባዋ ተደባለቀ።

ጋሽ ሚሊሜትር ሕፃኑን አዩ። አልጋውን አዩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እዚያ ግን ያገኙት የነጋዴዋን ዓይን ነው። እሷም ከእሳቸው ወደ አልጋው አየች።

«አምጪው» አሉ በመጨረሻ። «ጭንቅላቱን በዚህ በኩል አድርጊው፤ እዚህ ጋ ከፍ ይላል።»

እናትየው ሻርፗን አነጠፈችለት። አልጋው በሦስት ሰው ጉልበት ላይ ተዘረጋ፤ ራስጌው ነጋዴዋ ላይ፣ ግርጌው መምህሩ ላይ፣ መሀሉ ባለቤቱ ላይ። የቀረውን መንገዱ ራሱ ሠራው። አስፋልቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ጉድጓዱ አውቶቡሱን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው አልጋውም እሹሩሩ እንደሚባል ይወዛወዛል። ሕፃኑ ሁለቴ ተንሰቀሰቀና አፉን ከፍቶ ተኛ።

«ተኛ» አለ አንዱ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ሹፌሩ ዘንድ ደረሰ፤ ሹፌሩም ሬዲዮውን ዘጋ። ኋላ ወንበር ላይ ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ጋሽ ሚሊሜትር ጉልበታቸው ደንዝዟል፣ ላባቸው በጀርባቸው ይወርዳል፤ ግን ልባቸው ረክቷል። ስንት በርና ስንት ጠረጴዛ ሠርተው ለሰው ሰጥተዋል፤ አንዱም እንዲህ ዓይናቸው ሥር ሥራውን ሲጀምር አላዩም። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሳሉ ከአልጋው ርብራብ ሥር ጭናቸው ላይ ለብ ያለ ነገር ተሰማቸው። ላብ መስሏቸው ነበር። አልነበረም።

«አባቴ፣ አልጋው ተመረቀ» አለች ነጋዴዋ ቀስ ብላ።

እናትየው መግቢያ ጠፋት። «ወይኔ፣ አዲሱን አልጋ…»

«ተይ እንጂ፣ ይታጠባል» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። «እሱ ብቻ እንቅልፉን ይጨርስ።»

እንቅልፉን ሳይጨርስ የእናትየው መውረጃ ደረሰ። ሕፃኑን ሊያነሱ ሲሉ ረዳቱ ከበሩ ላይ እጁን አወናጨፈ። «እንዳትቀሰቅሱት። እሷ ትውረድና አልጋውን ከነልጁ አሳልፉልኝ።»

ጋሽ ሚሊሜትር ጣቶቻቸው አልለቅ አሏቸው። ነጋዴዋ «ይልቀቁ አባቴ፣ ሰው እኮ ነው የሚይዘው» ስትላቸው ለቀቁ። አልጋው ከሰው አናት በላይ ብድግ ብሎ ከእጅ ወደ እጅ ተጓዘ። እሳቸው ወገባቸው ሳይቃና ቆመው፣ በር እንደሚያስገጥሙ ሁሉ፣ «ወደ ግራ አዘነበለ፣ ቀና አድርጉት… እንዲያ!» ይላሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። እናትየው ልጇን ከነሻርፑ አነሣችው፤ ነቅነቅ አለና ትከሻዋ ላይ ተለጠፈ። ባዶው አልጋ በመጣበት መንገድ ሲመለስ አንድም ሰው ቦርሳውን አልጣለበትም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሚሊሜትር ልጃቸው ቤት ደረሱ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ተቀብለዋቸው አልጋውን ደባበሱ፣ አደነቁ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ቀሰር አደረጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ምን ምን ይሸታል?»

«ሽንኩርት።»

«ሌላስ?»

አንድም ሳያስቀሩ ተረኩላቸው። አራሷ ልጃቸው ሆዷን ደግፋ ሳቀች። «አባዬ፣ አታስቀኝ፣ ያመኛል።»

«እኔማ መጀመሪያ እሷ እንድትተኛበት ነበር ሐሳቤ» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው።

«አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ይሟሻል አይደል እንዴ? በቃ፣ ተሟሸ» አለች ልጃቸው።

ባለቤታቸው አልጋውን አጥበው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጡት። እስኪደርቅ ድረስ ሕፃኗን ጋሽ ሚሊሜትር ደረት ላይ አስተኟት። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጫናቸው የዋሉት አናጢ፣ ላባ የምታህለውን ይህችን ጭነት ተቀብለው ግድግዳውን ተደገፉ። አልጋው ቶሎ ደረቀ። ማንም ግን መጥቶ ከደረታቸው ላይ አላነሳትም፤ እሳቸውም ደርቋል ወይ ብለው አልጠየቁም።