«ሳሟት» ያስመጣው ሞኒተር

፩

ጨለማ።

መብራት አልጠፋም። መብራት ቢጠፋማ ማን ይደነግጣል፤ ለምደነዋል። የጨለመው ሞኒተሩ ነው፤ ያውም ጥጉ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቦግ ብላ እየበራች።

፪

የጥገና ቅጽ

ንብረት፦ ያገለገለ ሞኒተር፣ ሃያ አራት ኢንች
ባለቤት፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ የመጻሕፍት አራሚ
ጠጋኝ፦ ናሁሰናይ፣ የልጃቸው የሕሊና ባል
ምልክቱ፦ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ምንም አያሳይም
ብልሽቱ ያለበት፦

ናሁሰናይ በመሥሪያ ቤቱ የቢሮ ማሽን ጠጋኝ ነው። ቅጽ ሳይሞላ ብሎን አይፈታም። ለአማቱም ቅጽ ይዞ መጣ። ለአማት ቅጽ! ሕሊና ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ታሪኩን ያገኘሁት ከዚያው ቅጽ ስለሆነ አሁን አፌን ብይዝ ይሻለኛል።

፫

ሞኒተሩ ለምን አስፈለገ?

በአንድ እግር የተነሳ። ወይዘሮ ትርሲት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መጽሐፍ ሲያርሙ ኖረዋል። ባለፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቄስ የንስሐ ልጃቸውን «በትዕግሥት ሰሟት» ይላል። ታትሞ ሲወጣ «በትዕግሥት ሳሟት» ሆኖ ተገኘ። የ«ሰ» አንድ እግር ረዘመና የተከበሩት አባት ጉድ ፈላባቸው። ደራሲው አለቀሰ። አሳታሚው ግን ጨዋ ሰው ነውና ቀስ ብሎ ነው የነገራቸው፤ ይህን አዲሱን መጽሐፍ እስከ ዓርብ ይጨርሱ፣ ከዚህም ስሕተት ከወጣ «ትንሽ ቢያርፉ ይሻላል» አለ።

«ትንሽ ቢያርፉ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአራሚ አይነገርም። ወይዘሮ ትርሲት ያን ቀን እራት አልበሉም። ከዚያ ጥፋተኛው የላፕቶፑ ስክሪን ነው፣ ፊደሉ አንሶ ነው ብለው ቁርጥ አደረጉና ይህን ትልቅ ሞኒተር አስመጡ።

፬

በስልክ የተባለው

ላፕቶፑ አዲስ ነው፤ ያለው አንዲት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ብቻ። ሞኒተሩ አሮጌ ነው፤ ገመዱ ያ ሰማያዊው፣ ባለ ሁለት ብሎኑ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ናሁሰናይ ሱቅ ድረስ ሄደ። ሻጩ «ወንዴ ነው ሴቴ?» ብሎ ጠየቀው። በሙያው ሹል ሹሉ የወጣው ጫፍ ወንዴ፣ ቀዳዳው ሴቴ ይባላል። ካገለገለ ዕቃ ጋር የሚሰጥ ገመድ ደግሞ አይታመንም፤ ናሁሰናይም ጫፉን ሳያይ ነው የወጣው። ስለዚህ ደወለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር «እርስዎ» ሲባባሉ የኖሩትን አማቱን ይህን እንዴት ብሎ ይጠይቃቸው?

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ የሰማያዊው ገመድ ጫፍ... እንዴት ያለ ነው?
ወ/ሮ ትርሲት፦ ደህና ነው።
ናሁሰናይ፦ ማለቴ... ጠባዩ?
ወ/ሮ ትርሲት፦ ጭምት ነው መሰለኝ። ድምፁን አልሰማሁም።

ናሁሰናይ፦ እሺ እትዬ። መጣሁ።

በግምት ገዛ።

፭

አልገባም።

ወይዘሮ ትርሲት መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለቱን ጫፎች በጣታቸው ዳሰሱ። «ሁለቱም ወንድ ናቸው» አሉ። ናሁሰናይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ወንዴ ነው ሴቴ ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አራት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ።»

ልብ በሉልኝ፤ «ብትጠይቀኝ» ነው ያሉት። «ቢጠይቁኝ» አላሉም። ናሁሰናይ ኮንቨርተሩን ሊቀይር ወደ ሱቅ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም።

፮

ገባ።

ሞኒተሩ ግን «ሲግናል የለም» አለ። ናሁሰናይ በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ነካክቶ ከየትኛው ገመድ እንደሚቀበል አሳየው። ከዚያ ላፕቶፑን ምስሉን ለሁለቱም ስክሪን እንዲያካፍል አዘዘው።

ብርሃን።

የመጽሐፉ ገጽ ወጣ። ፊደሉ አውራ ጣት አክሏል። ወይዘሮ ትርሲት እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ዘጉት።

«መሀሉ ላይ ጭጋግ አለበት» አሉ።

፯

ናሁሰናይ ስክሪኑን በጨርቅ ወለወለ። ገመዱን ቀየረ። ለእሱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ለእሳቸው ጭጋግ ነው።

አንድ የሥራ ደንብ አለው፦ ብልሽት ተጓዥ ነው፤ ዕቃ ቀያይርና ከማን ጋር እንደሚሄድ ተከተለው። መሀል ያለውን ዓረፍተ ነገር ወደ ዳር ገፋው። እሳቸው ወደ ዳር ሲዞሩ ጭጋጉም ዳር ወጣ። ሞኒተሩን ነቅሎ በላፕቶፑ ብቻ አሳያቸው፤ እዚያም አለ። ግራውን ጨፍነው በቀኙ እንዲያዩ ለመናቸው። ጭጋግ። ቀኙን ጨፍነው በግራው ሲያዩ ግን ጠራ።

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ዕቃው አሮጌ ነው፣ ሌላ እንፈልጋለን እል ነበር። እሱ መዋሸት አይሆንለትም፤ እውነቱን መናገርም አቃተው። ቅጹን አንሥቶ ያየው ጀመር።

፰

«ሞኒተሩ ደህና ነው፣ አይደል?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

ወይዘሮ ትርሲት ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡና ክንዱን ያዙት። አጽናኝ መሆን የነበረበት እሱ ነበር፤ ተጽናኙም እሱ ሆነ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንዲወስዳቸው ነገሩት። እስከ ዓርብ ደግሞ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የትኛው ፊደል እንደሆነ እያንዳንዱን ይጠራል፣ እሳቸው እየሰሙ ያርማሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበትን ሥራ ለጭጋግ ለቅቀው እንደማይሄዱም ነገሩት።

«አሁን ያን ቅጽ ጨርሰው።»

«ይቺ ቦታ ባዶ ትቅር፣ እትዬ።»

«እኔ ፊት ባዶ ቦታ አይታለፍም። ጻፍ፣ ልጄ።»

ናሁሰናይ እስክሪብቶውን አነሣ። ማሽን እንጂ የትኛው ሞክሼ ፊደል የት እንደሚገባ አያውቅም፤ ደግሞ አራሚ ፊት ተሳስቶ መጻፍ ያስፈራል።

«ቃሉ በየትኛው ‹አ› ነው የሚጀምረው?»

«በዐይኑ ዐ» አሉት።

ብልሽቱ ያለበት፦ ዐ