ጫማ ውስጥ ያለች በቆሎ

ሴና ዱጉማ ሃይሌ ጋርመንት ጋ ከታክሲ ስትወርድ፣ ተራ የሚያስከብሩት ልጆች ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ጎተት ያደርጉ ነበር። አንድም ቃል አይወጣቸውም። አቧራውን በጫማቸው ጠረግ፣ ከዚያ ሳቅ። ስድብ ቢሆን መልስ አታጣም፤ በምላስ ማን ይችላታል። ለተጎተተ እግር ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፣ በጥርሷ መሀል ግን አንድ ስም ታላምጣለች። ክብረት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሴና የላፍቶ ልጅ ናት። አባቷ ድሮ ጤፍ ያርስበት በነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ እሱም በቀረችው ቁራጭ ግቢ ላሞች እያረባ ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ወተት ይሸጣል። እሷ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ ከጎፋ ወረድ ብሎ ቀይ ሜዳ የሚባል የቴኒስ ክለብ ኳስ አቀባይ ሆና ገባች። ኳስ አቀባይ ማለት ሌላው የመታውን እየሮጠ የሚለቅም ነው። ያቺ ኳስ ለቃሚ አድጋ፣ ራኬት ጨብጣ፣ ከአገር አገር እየዞረች በውድድር የምትኖር ተጫዋች ሆነች። ለዚህ ያበቃት አሰልጣኙ ክብረት ነው። ይህን እሷም ክዳ አታውቅም፤ ይበልጥ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ቀይ ሜዳ እንደ ስሙ ቀይ አፈር ነው። ኳስ ሲያርፍበት ምልክት ይተዋል። ከመስመሩ ወጣ አልወጣ የሚል ክርክር ሲነሳ፣ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ምልክቱን አይቶ ይፈርዳል። ታዲያ ክለቡ ጠራጊ አልነበረውም፤ ጠራጊዎቹ ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ነጥብ አልቆ ሌላው ሳይጀመር እያንዳንዱ ልጅ ከፊቱ ያለውን ምልክት በእግሩ እንዲያጠፋ ያስለመደው ክብረት ነው። አሮጌው ምልክት ከአዲሱ እንዳይምታታ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የረሳ ልጅ ሜዳውን በሩጫ ይዞራታል። የእህቱን ልጅ ጸደንያን እንኳ ሳይምር አዙሯታል። ስለዚህ የቀይ ሜዳ ልጅ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን እግሩ ይጠርጋል። ሌላ ክለብ እንዲህ ያለ አመል የለም።

አምና በአዲስ አበባው ውድድር ፍጻሜ ሴናና ጸደንያ ተገናኙ። በመጨረሻው ነጥብ ጸደንያ የመታችው ኳስ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል አልፎ አረፈ። ሴና አየችው፤ ጸደንያም አየችው። ሴና እጇን አንስታ «ውጪ ነው» አለች፣ ዳኛዋ ወይዘሮ አምሳለም ምልክቱን ሊያዩ ከወንበራቸው መውረድ ጀመሩ። ይሄኔ ያቺ የሴና እርጉም ቀኝ እግር ማንንም ሳታማክር ሄዳ ምልክቱን ጠረገችው።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ምልክቱ ሳይታይ ያጠፋ ነጥቡን ያጣል። ሴና ተሸነፈች። ሽንፈቱንስ ትችለው ነበር። ሰው ሁሉ ግን ወደ ክብረት ዞረ፤ ሁለቱንም ያሳደገ እሱ ነዋ። «ልማድ ነው፣ እኔ ነኝ ያስለመድኳት» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ የእህቱን ልጅ ዋንጫ አየ፣ ትከሻውን ሰበቅ አደረገና «እንግዲህ ውጪ የወጣን ኳስ ምልክት ማን ያጠፋል?» አለ። በቃ። ሴና አጭበርባሪ ሆና ቀረች። በሳምንቱ ከክለቡ አስወጣት። አባቷ ወተት ይዞ ሲያልፍ እንኳ «የጠራጊዋ አባት» የሚሉት ነበሩ፤ እሱም አንድ ቀን እቤት መጥቶ «እውነት አጭበርብረሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ከሁሉም የባሰባት ይህ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሴናን ግን አለመርሳት ብቻ አላጠገባትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክብረት ያን ቀን የዋጣትን ቃል በገዛ አፉ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እንዲተፋት። በልመና አይደለም፤ ልመና ለማን ደስ ይበለው ብላ። ተገዶ።

መንገዱንም አገኘችው። ጸደንያ እግሯ ዛሬም ይጠርጋል። በተጫወተች ቁጥር ሴና ከዳር ሆና ያቺን እግር ትመለከታለች። ከነጥብ በኋላ ጎተት፣ ከነጥብ በኋላ ጎተት። አንድ ቀን በፍጻሜ፣ ክብረት ዳር ተቀምጦ፣ ያቺ እግር የማይጠረገውን ትጠርጋለች። ያኔ ማን እንደሚጮህ እናያለን አለች።

እስከዚያው የራሷን እግር መግራት ነበረባት። ከእናቷ ጓዳ አንዲት ደረቅ የበቆሎ ፍሬ አነሳችና በቀኝ ጫማዋ ውስጥ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ወተፈቻት። እግሯ አመሉ መጥቶበት መሬት ሲጎትት በቆሎዋ ትነክሳታለች። ሲነከስ ያቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለች የዓመቱን ውድድር ጀመረች።

ናይሮቢ ላይ አሸነፈች። ኪጋሊ ላይ ጣቷ ቆስሎ ካልሲዋ በደም እየራሰ አሸነፈች። ቁስሉን ለመሸሽ አረማመዷን ስታጣምም ጉልበቷ ተቆጣ፤ ዳሬሰላም ላይ ዋንጫ ስታነሳ ጉልበቷ እንደ ድፎ አብጦ ነበር። ከዚያ ሁለት ውድድር ጀምራ አቋረጠች። ቤት ውስጥ ዋንጫና ፋሻ አብረው በዙ። በቆሎዋን አውጥታ ብትጥል ይሻላት እንደነበር አላጣችውም። ግን በቆሎዋ በተነከሰች ቁጥር ክብረትን የምታስታውስባት ሆናለች፣ እንዴት ብላ ትጣላት?

ላፍቶ ላይ የታወቁ ወጌሻ አሉ፣ አባባ ሂርጳ የሚባሉ፤ የሰፈሩ ሰው ወለም ያለውም የተሰበረውም እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። ጉልበቷን በቅቤ ሲያሹ ቆዩና እጃቸው ቁልቁል ወርዶ ጣቷ ላይ ቆመ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጉልበት የታመመው ከዚህ ተነስቶ ነው። ጫማሽ ውስጥ ምን አለ?»

«በቆሎ።»

«ለዶሮ ነው?»

«ለቂም ነው አባባ።»

ሽማግሌው አልሳቁም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ።

«እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም» አለች ሴና።

«እንግዲያስ ስሚኝ። ይሄ ጉልበት አንድ ውድድር ይችልልሽ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እኔ ዋስ አልሆንም።»

«አንድ ነው የምፈልገው» ብላ ጫማዋን አጠለቀች፤ ከነበቆሎዋ።

መስቀል አልፎ ሜዳው ሲደርቅ የአዲስ አበባው ውድድር መጣ። ቦታው ያው ቀይ ሜዳ፣ ዳኛዋም ያው ወይዘሮ አምሳለ። ሴና እያነከሰች ለፍጻሜ ደረሰች። ከመረቡ ወዲያ ጸደንያ ቆማለች። ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክብረት ተቀምጧል፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ቁጭ ያለበት ቦታ ሳይቀር እንደ አምናው። ከተመልካቹ መሀል አንዱ ሴና ስትገባ እግሩን ጎተት አደረገ። ሴና አየችው፣ ፈገግ አለች።

የመጀመሪያውን ዙር ሴና ወሰደች፣ ሁለተኛውን ጸደንያ። ጸደንያ ጎበዝ ናት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። በእነዚያ ሁለት ዙሮች ጸደንያ ምልክት የጠረገችበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴና አንዴም ምልክት ይታይልኝ አላለችም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ለተራ ነጥብ ክብረት ከመቀመጫው አይነሳም፤ ቢነሳም ልቡናው ሳይለየው ነው የሚናገር። እሱን የሚያስነሳው ዋንጫው ነው። ዋንጫው እጁ ገባ ሲል፣ ያኔ።

ሦስተኛው ዙር ወገብ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ወደ ቀኝ መሮጥ አቃታት። ጸደንያም ገብቷታል፣ ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኝ ትልክባታለች። ነጥብ በነጥብ እየራቀች ሄዳ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀራት። እሷን ካገኘች ዋንጫው የእሷ ነው።

ሴና ኳሱ ወደ እሷ ሲመጣ ልቧ ጸጥ አለ። በጨዋታ እንደማታሸንፍ አውቃለች፤ በዚህ ጉልበት አይሆንም። የቀራት አንድ መንገድ ነው። ጸደንያ ካልጠረገች ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል፤ ዓመቱም፣ ጉልበቱም፣ ስሟም። ኳሱን ሆን ብላ አስረዘመችው። ኳሱ ከጸደንያ ጫማ አጠገብ፣ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል አልፎ አረፈ፤ ልክ እንደ አምናው።

«ውጪ» አሉ ዳኛዋ። ጸደንያ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ክብረት እያጨበጨበ ተነሳ። የጸደንያም ቀኝ እግር፣ ከልጅነቱ እንደተማረው፣ መሬቱን ጎተት አደረገ።

«ዳኛ» አለች ሴና፣ «ምልክቱ ይታይልኝ።»

ወይዘሮ አምሳለ ወርደው መጡ። ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ያለው የተጠረገ አፈር ነው። ቀና ብለው ጸደንያን አዩአት፣ ጸደንያም እግሯን አየች፣ የሰው እግር ይመስል።

«ምልክቱ ጠፍቷል። ነጥቡ የሴና ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል።»

ክብረት አጥሩን ተሻግሮ ሜዳው ውስጥ ገባ። «እንዴት ነው ነገሩ? ልማድ ነው እኮ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያስለመድኳት። የቀይ ሜዳ ልጅ ሁሉ ይጠርጋል፤ ኳሱ ይውጣ ይግባ እግሩ ምን አገባው? ይሄን የማያውቅ አለ?»

ድምፁ ጎፋ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

«ጋሼ» አለች ሴና ረጋ ብላ፣ «ከኋላ ያልሰሙ ይኖራሉ። ይድገሙልን።»

ክብረት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው ሴና አየች፤ ከናይሮቢ ጀምሮ ይህን ፊት ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው «ታዲያ አምና ሴናስ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላውም «እውነት፣ ሴናስ?» አለ። ክብረት ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ጸደንያ ወደ መረቡ ጠጋ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሴና፣ ውጪ ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ሴና። «አምና አንቺም ታውቂ ነበር።»

እዚህ ላይ ደግ ሰው ነጥቡን ይመልስ ነበር። የፈለገችውን ቃል አግኝታለች፣ ስሟ ታጥቧል፤ «ይሁን፣ ዋንጫው የእሷ ነው» ብትል ሕዝቡ በእልልታ ይሸኛት ነበር። ሴና ግን ደግ ለመሆን አልመጣችም። ዞራ ወደ ቦታዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የጸደንያ እጅ አልታዘዝ አለ። ኳሱን መረብ ላይ ትለጥፋለች፣ አንዳንዴ ከአጥር ታላትማለች። ሴና በአንድ እግሯ ቆማ አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው። የመጨረሻውን ኳስ ለመድረስ በዚያ ጉልበት ተስፈነጠረች፣ መታችው፣ ኳሱ ገባ። ጉልበቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀጭ አለ። አፈሩ ላይ ወደቀች። አሸንፋም መነሳት አቃታት።

የሕክምና ሰዎቹ ጫማዋን ሲያወልቁ ያቺ በቆሎ ዱብ ብላ ቀዩ አፈር ላይ ወደቀች፤ ላብና ደም አጥቁሯታል። ማንም ልብ አላላትም፣ ከጸደንያ በቀር። ጸደንያ አጠገቧ ቆማ ነበር። በቆሎዋን አየች፣ የሴናን የቆሰለ አውራ ጣት አየች፣ ወደ ገዛ እግሯ ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በቆሎዋን አነሳችና በመዳፏ ጨብጣ ሄደች።

በቀል አያረካም የሚሉ ሰዎች አሉ። ተበቅለው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ሴና ረካች። አባቷ ዋንጫውን ወተት ከሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ አቆመው፣ ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው። ሃይሌ ጋርመንት ላይ በክራንች ስትቆም ያ ሁሉ ጎታች እግር ተሰበሰበ፤ አንዱ ልጅ ሰው ገፍቶ «ጋቢና ግቢ፣ ሴናዬ» አላት። ክብረት ደግሞ ቀይ ሜዳ መምጣት እየተወ ነው፣ ቢመጣም ከሰው አይቀመጥም አሉ። ሴና ይህን ስትሰማ ምግብ ይጣፍጣት ነበር።

ገና ሊደርስ ሲል አባባ ሂርጳ ጋ ሄደች። ሐኪሞቹ ጉልበቱ ተከፍቶ ይሠራ፣ ከዚያም መጫወትሽን እንጃ ብለዋታል። ሽማግሌው ከመታሻው ሰሌን ላይ አስቀምጠዋት ጉልበቷን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ከትናንት በስቲያ ሌላ ተጫዋች መጥታብኝ ነበር» አሉ። «ያቺ የክብረት የእህት ልጅ። አውራ ጣቷ ቆስሏል፣ ልክ እንዳንቺው። ጫማዋ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኳት።»

ሴና «ምን አለችዎት?» ብላ አልጠየቀችም፤ ገብቷታል። ጉልበቷን ለማጠፍ ሞከረች፣ አልታጠፈም።

«መቼ ነው የምቆመው አባባ?» አለች።

አባባ ሂርጳ ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሙተው ማሸት ጀመሩ።