አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው ዲስኬት

አፀደ ወረቀቱን ገና ስታየው ጠላችው። ከላይ «የርክክብ ቅጽ» ይላል፤ ከሥሩ «አስረካቢ፦ ወ/ሮ አፀደ»፣ ቀጥሎ «ተረካቢ፦ አቶ ሱሌማን»። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፣ ማኅተሙም አልተዛነፈም። ነገር ግን በዚያ መሥሪያ ቤት በቆየችባቸው ዘጠኝ ዓመታት «አስረካቢ» ተብሎ ፈርሞ ወደ ወንበሩ የተመለሰ ሰው አላየችም። የንብረት ክፍሉ ጋሽ መኩሪያ «ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ነው» ተብለው ቁልፋቸውን አስረከቡ፤ ሲመለሱ ስማቸውን ያገኙት ከቅነሳው ዝርዝር ላይ ነው። አፀደ ደግሞ ብቻዋን የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሏት። ይህን እንጀራ ካጣች ሌላ የላትም።

ድርጅቱ በአውሮፕላን የሚገባ ዕቃ ተቀብሎ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ነው። የትኛው ካርቶን በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው፣ ቦሌ መንገድ ላይ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ነበር ያልነው ሱሌማን ከህንድ ተምሮ መጥቶ እስኪቀጠር ድረስ ስለሆነ ነው። እሱ ላምበረት ባለው መጋዘን ሁለተኛ ማሽን አስተከለ። የቦሌው «ዋና»፣ የላምበረቱ «ተጠባባቂ» ተባለ። አፀደ ከሥራ መውጫ ላይ የቀኑን መዝገብ በዲስኬት ትገለብጣለች፣ ተራ ቁጥር ትጽፍበታለች፤ ሾፌሩ ጠዋት ላምበረት ያደርሰዋል። ተጠባባቂው ያንን እየዋጠ ዋናውን በአንድ ቀን ርቀት ይከተላል።

ከዓመት በላይ በዚሁ ሲሠሩ ቆዩ። በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን ሱሌማን «ያልተሞከረ ተጠባባቂ ተጠባባቂ አይባልም» ብሎ ተነሣ። እሑድ ዋናው ይቆማል፤ የመጨረሻው ዲስኬት ላምበረት ይደርሳል፤ ሥራው ወደዚያ ይዛወራል። አንድ ሳምንት እዚያ ተሠርቶ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቦሌ ይመለሳል።

«ይመለሳል!» አለች አፀደ ለራሷ። ጋሽ መኩሪያም ይመለሳሉ ተብለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱሌማን የሚያደርገው ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘባት። በዕድሜ ብትበልጠውም ያን ያህል አትርቀውም፤ እሱ ግን «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግራት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ትሕትና ለደግ አልመሰላትም። ስትሠራ አጠገቧ ቆሞ በደብተሩ ይጽፋል። አንድ ቀን «እርስዎ ቢታመሙ ይህን ማን ይሠራዋል?» ብሎ ጠየቃት። ምን አስቦ ነው የምታመመው?

ስልክ የምታገናኘው ሃረገወይን ደግሞ በእሳቱ ላይ ጭድ ጨመረችበት።

«ስሚ አፅዬ፣ ለላምበረት አዲስ ወንበር ታዟል።»

«ስንት?»

«አንድ። ለማን እንደሆነ አልተጻፈም።»

አፀደ የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሏት ግድ አልነበራትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ነው የምታምነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሱሌማን ክፍሏ ድረስ መጣ።

«አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ የላምበረቱ ማሽን አንዴ ሥራ ከጀመረ በኋላ የቀረ ዲስኬት ቢመጣ አይቀበልም። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን እርስዎ ራስዎ ይዘውልኝ ይምጡ።»

እሱ የተናገረው ለጥንቃቄ ነው። አፀደ የሰማችው ግን ሌላ ነው። አንድ ዲስኬት ቢቀር የላምበረቱ ማሽን ጎደሎ ይሆናል። ሰኞ የቅዳሜ ዕቃ ሲፈለግ ይጠፋል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ «ይህ ነገር አልሆነም፣ ወደ አፀደ መልሱት» ይላል። ጋሽ መኩሪያ ቁልፋቸውን ሁሉ አስረክበው ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ እሷ አንድ ቁልፍ ታስቀራለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሮ ገብታ ማሽኑን አቆመች። የቅዳሜው ጭነት ብዙ ስለነበር መዝገቡ ሁለት ዲስኬት ሞላ። በአንዱ ላይ 412፣ በሌላው ላይ 413 ብላ ጻፈች። አራት መቶ አሥራ ሁለትን በፖስታ አሸገች። አራት መቶ አሥራ ሦስትን በመሐረብ ጠቅልላ በቦርሳዋ የጎን ኪስ ከተተችው። ትክክል የሠራች መስሏት ነበር። መገናኛ ወርዳ የላምበረት ታክሲ ያዘች፤ እስክትደርስ ድረስ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላነሣችም።

መጋዘኑ ውስጥ ሱሌማንና የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ጉዲና ይጠብቋት ነበር። ከማሽኑ ፊት ላስቲኩ ያልተነሣለት አዲስ ወንበር ቆሟል። ሱሌማን ሳብ አደረገላት።

«ይቀመጡ። ባለፈው መጥተው ቆመው ስለዋሉ ለእርስዎ ብዬ ነው ያዘዝኩት።»

አፀደ ተቀመጠች። ወንበሩ አልተመቻትም።

ማሽኑ አራት መቶ አሥራ ሁለትን ዋጠና «413» የሚል ጥያቄ ጽፎ ቆመ። ጠባዩ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ቁጥር ይጠይቃል፣ የለም ካሉት ይተዋል።

«ሌላ አለ?» አለ ሱሌማን።

«የለም።»

ሱሌማን ጣቶቹን ከፊደል ገበታው ላይ አንሥቶ ትንሽ አመነታ። «ቅዳሜ ጭነቱ ብዙ ነበር ብለው ነበር መሰለኝ...»

«ዘጠኝ ዓመት የያዝኩትን ማሽን አታውቂውም እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ጆሮው ድረስ ቀላ። ለማሽኑ የለም ብሎ መለሰለት። ተጠባባቂው ዋና ሆነ። ሁለቱም ቅጹ ላይ ፈረሙ፣ ጋሽ ጉዲናም በምስክርነት ፈረሙ።

ከዚያ ሱሌማን ከደብተሩ መሐል ሌላ ወረቀት አወጣ።

«ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው፤ ቤትዎ ያስቀምጡት።»

ያው የርክክብ ቅጽ ነው። ቀኑ የሚቀጥለው እሑድ ነው። «አስረካቢ፦ አቶ ሱሌማን። ተረካቢ፦ ወ/ሮ አፀደ።» እሱ ፈርሞበታል፤ የሥራ አስኪያጁ ማኅተምም አርፎበታል።

«ሥራ አስኪያጁ ለጊዜው አንዱ ቅጽ ይበቃል ብለው ነበር። መመለሻው ካልታተመ መሄጃውን አልፈርምም አልኳቸው። ጋሽ መኩሪያ እንዴት እንደሄዱ ነግረውኛል» አለ፣ ወደ ጋሽ ጉዲና እያመለከተ።

አፀደ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። እሷ ስትጠረጥረው የከረመችው ሰው፣ እሷኑ ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«አሁን... አንድ የተረሳ ዲስኬት ቢገኝስ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አርብ ነግሬዎት የለ? በሩ ተዘጋ» አለና ሳቀ።

ሰኞ እነግረዋለሁ፣ አለች በልቧ፤ እንዲህ ያለው ሰኞ እንደማይመጣ እያወቀች።

ያን ጊዜ ነው አንድ ጠና ያሉ ሰው ወረቀት ይዘው የገቡት። አብዱልናስር ይባላሉ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፋርማሲ አላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢንሱሊን ገብቶላቸዋል፤ ሰኞን ሳይጠብቅ የሚወጋ በሽተኛ ስላለ መውሰድ ይፈልጋሉ። ጋሽ ጉዲና ቁጥሩን ለሱሌማን አነበቡለት። ሱሌማን ጻፈው። ማሽኑ እንዲህ ያለ ዕቃ አላውቅም አለ። ደግሞ ጻፈው። አሁንም አላውቅም አለ።

ባለፈው ወር በተጭበረበረ ወረቀት ሁለት ሣጥን ዕቃ ከመጋዘኑ ወጥቶ ነበር፤ ጋሽ ጉዲና በዚያ ጣጣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቅንተው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«ማን ይሰጠኛል? የቦሌው ቢሯችሁ ነዋ!»

«ማሽኑ የማያውቀውን ዕቃ ቢሯችን አይሰጥም! ጥበቃ! በሩን ዝጋ፣ ይህ ሰው እንዳይወጣ!»

«እኔን ነው?» አሉ አብዱልናስር። መጀመሪያ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሌላ ሰው መኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስል ነበር። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን የጠዋት ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ።

አፀደ ወረቀቱን ታውቀዋለች። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው ነው። ቁጥሩ የት እንዳለም ታውቃለች፤ ከጉልበቷ ላይ፣ መሐረብ ውስጥ ነው።

ተነሥታ ቦርሳዋን ከፈተች። መሐረቡን ፈታችና ዲስኬቱን ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሰውየው ሌባ አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። አውቄ ነው።»

ጋሽ ጉዲና «ምን አልሽ አንቺ?» ብለው የጮኹት ግቢው ውስጥ ሳይሰማ አልቀረም። አፀደ ግን ዓይኗ ሱሌማን ላይ ነበር። እንዲቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቢሰድባት በቀለላት። እሱ ዲስኬቱን አንሥቶ ቁጥሩን አነበበና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«የቦሌው ማሽን እንዳለ ነው? አልነካኩትም?»

«አልነካሁትም።»

«እንግዲያው እንሂድ። እዚያ እናትመውና እዚህ በእጃችን እንጽፈዋለን።»

በድርጅቱ መኪና ቦሌ ደርሰው ተመለሱ። የቅዳሜ ከሰዓቱን ስልሳ አንድ ጭነት አፀደ ላስቲኩ ባልተነሣለት ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ መታችው፤ የኢንሱሊኑን ግን አስቀድማ ነው የጻፈችው። ካርቶኑ ከቀዝቃዛው ክፍል ሲወጣ ጋሽ ጉዲና አብዱልናስርን ይቅርታ ጠየቁ። ሰውየው «አይዞዎት፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አሏቸው። ከመውጣታቸው በፊት ግን አፀደ ፊት ቆሙ።

«ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው እህቴ። ሌባ ተብዬ አላውቅም ነበር። ዛሬ ተባልኩ።»



ሱሌማን ለሥራ አስኪያጁ የላከው ሪፖርት አንድ ገጽ ነበር። ስለዚያ ጉዳይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «አንድ ዲስኬት ዘግይቶ በመድረሱ ስልሳ አንድ ጭነት በእጅ ተመዝግቧል» ይላል። ጋሽ ጉዲናም ለማንም አልተናገሩም፤ ሰላምታቸው ግን አጠረ።

እሑድ ደረሰ። ሥራው በቀጠሮው ወደ ቦሌ ሊመለስ ነው። ሱሌማን የሳምንቱን ዲስኬቶች ይዞ ሦስተኛ ፎቅ መጣ። አፀደ ቤቷ ያስቀመጠችውን ቅጽ አወጣች። እሱ ግን በምትኩ ሌላ አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ያው ቅጽ፣ ያው ስም፣ ያው ማኅተም ሆኖ ከታች አንድ መስመር ተጨምሮበታል። «ተረካቢ ከመፈረሙ በፊት አስረካቢን ‘ሌላ አለ?’ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።»

ዲስኬቶቹን ማሽኑ በተራ ዋጣቸው። ቀጣዩን ቁጥር ጠይቆም ቆመ።

«ሌላ አለ?» አለች አፀደ።

«የለም።»

«ሌላ አለ?»

«የለም።»

የሱሌማን ቦርሳ ወንበሩ ላይ ነው፤ የጎን ኪሱ በከፊል ተከፍቷል። ዓይኗ ሳታዘው ወደዚያ ሄደ። መልሳ ስታነሣው ሱሌማን አይቷታል። ሦስተኛውን ጥያቄ ትታ ብዕሯን አነሣች።

«ግድ የለም፣ ይጠይቁኝ» አላት። «እኔም ያን ዕለት ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። እርስዎን መጠርጠር መስሎኝ አፈርኩ።»

«ሌላ አለ?» አለች።

«የለም።»

ለማሽኑ የለም ብላ መለሰችለትና ፈረመች። ከስሟ በፊት «ተረካቢ» ይላል። ያን ቃል ለማየት ሳምንቱን ሙሉ ቀን ስትቆጥር ነበር፤ አሁን ግን ከወረቀቱ ቀና ብላ ሱሌማንን ማየት አልቻለችም።