የተገለበጠው ግቢ

ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ አለ፤ ቱንቢ ይሉታል። ያንን ግንበኛ ሰፈሩ ሁሉ «ቱንቢ» ብሎ የጠራው በከንቱ አይደለም። ሰውየው ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ ከተንሻፈፈበት ቀኑን ሙሉ ቅር ሲለው ይውላል። ምን ያደርጋል፣ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ካለው ወዲህ አልጋው ላይ ቀረ። መጋረጃውን አስዘጋ። «ሰው እንዳያየኝ!» አለ፤ አለቀ ደቀቀ።

ሐኪሙ ለሚስቱ ሳይሸፋፍን ነግሯታል፦ ካልተቀመጠ፣ ወጣ ብሎ ፀሐይ ካላገኘ፣ ሳንባው የዘንድሮን ዝናብ አይችለውም። ባለ ጎማው ወንበር ግን ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ ቆሞ የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል። ለመነችው። ተቆጣችው። ተንበርክካ አለቀሰችበት። እሱ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ።

በዚህ ላይ ግድግዳው አለ። ያንን ክፍል ቱንቢ ራሱ ነው በጎረምሳነቱ የገነባው፤ ጡብ ስላጠረው አንድ ረድፍ ብቻ አድርጎ አቆመው። ከጊዜ ብዛት በጡቦቹ መሃል ያለው ኖራ እየተፈረፈረ ረገፈ፤ ንፋሱ በዚያ በኩል እየገባ ሰውየውን ሲያስለው ያድራል።

«ግንበኛ ልጥራ?» አለችው አንድ ቀን።

«እኔ እዚህ ተጋድሜ ሌላ ግንበኛ ቤቴ ሊገባ? በቁሜ ቅበሪኛ!»

«እንግዲያው እኔው እሠራዋለሁ።»

ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ የሹፈት ስለሆነ ግን አልቆጠረችለትም።

መሮና መዶሻውን ይዛ ወጣች። ሥራውን ለዓመታት ስታየው ኖራለች፦ የላላውን ኖራ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ፍቆ ማውጣት፣ አቧራውን መጥረግ፣ በውሃ ማራስ፣ አዲሱን ጠቅጥቆ ማስገባት። ይኸው ነው። ችግሩ እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ደግሞ ስፌት መፍታት ከጀመረች ክሩ ሳያልቅ እጇ አያርፍም። ኖራው ይፈረፈራል፣ ትከተለዋለች፤ ይፈረፈራል፣ ትከተለዋለች። አንጓውን አለፈች፣ ጣቱን አለፈች፣ በመጨረሻ መሮው ሰተት ብሎ ወዲያ ማዶ ገባ።

«ወይኔ፣ በሳሁት!»

አፏን በእጇ ይዛ ቁጣውን ጠበቀች። ከውስጥ ትንፍሽ የለም። ተመስገን አልሰማም ብላ፣ ሳያውቅባት ልትደፍነው ወደ ግቢው መሃል ሮጠች። አሸዋና ኖራ ደባለቀች፣ ባልዲውን አንስታ ውሃውን ለቀቀችበት።

«ውሃ አበዛሽ!» አለ ከቤት ውስጥ።

ክው አለች። ቀና ብላ መስኮቱን አየች፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።

«ማን ነገረህ?»

«አየሁሻ! ደግሞ አንሶላው ከገመዱ ሊወድቅልሽ ነው።»

ዞር ስትል እውነትም አንሶላው በአንድ መቆንጠጫ ብቻ ተንጠልጥሏል። ፀጉሯ ቆመ። ተነሳ! በእግሩ ቆመ! ባልዲውን እዚያው ትታ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ።

አልተነሳም። እንደተኛ ነው። ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ተክሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቷል።

ግድግዳው ላይ ግቢያቸው ነበረ።

ሥዕል እንዳይመስላችሁ። ራሱ ግቢው፣ ከነቀለሙ፣ ከነእንቅስቃሴው፣ ግን ተዘቅዝቆ። ሰማዩ ከታች ወለሉ አጠገብ ሰማያዊ ሆኖ ተነጥፏል። ዛፉ ግንዱን ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቅጠሎቹ ይርገበገባሉ። ባልዲው ከላይ ተንጠልጥሎ ውሃው አይፈስም። የጎረቤት ድመት ጣሪያውን ተከትላ እየተዝናናች አለፈች። ከጀርባቸው ባለው ግድግዳ ደግሞ ያቺ የበሳቻት ቀዳዳ ታበራለች።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ አለች። «የፈጣሪ ያለህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርሃኑ ነው፤ በቀዳዳዋ ወደ ጨለማው ገብቶ» አለ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አጠገብ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምደፍን አላወቅኩም።»

የገዛ ግቢዋ፣ በየቀኑ የምትጠርገው ግቢ፣ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ? ልብሷ ኖራ በኖራ መሆኑን ረሳችው።

ድንገት በአጥሩ በኩል ረጅም ቀጭን ሰው ታየ፤ እግሩ ከላይ፣ ጭንቅላቱ ከታች። ቱንቢ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ሰንበሌጥ!»

ከሱ ጋር በአንድ መወጣጫ ላይ የሸመገለ ባልንጀራው ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ ነው ሰንበሌጥ የተባለው። ሰውየው ቆመ። የአጥሩን ብረት ይዞ የተዘጋውን መጋረጃ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ መንገዱን ቀጠለ።

«ምን ፈልጎ ነው?»

«አንተን ነዋ! በየቀኑ ይመጣል። ‹ሰው እንዳያየኝ› ስትል እየመለስኩት። ሊስቅብህ የሚመጣ መስሎህ ነበር?»

እንባው ጺሙ ውስጥ ሲገባ አየች። ባልዋ እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

«በቃ፣ ቀዳዳዋን አልደፍናትም» አለችው። «ተኝተህ እያየህባት ትውላለህ።»

«አበድሽ? ዝናብ ሊገባ!» አለ ድንገት እንደ ጥንቱ ተቆጥቶ። «ደግሞስ ሰው ወዳጁን ዕድሜ ልኩን ዘቅዝቆ ያያል? ልብሱን ከወንበሩ ላይ አንሺው።»

እንዴት እንደተሸከመችው አትጠይቁኝ፤ እሷም አታውቀውም። ከደጃፉ እንደወጡ ፀሐዩ ፊቱን ሲመታው በክንዱ ዓይኑን ጋረደ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ በመንገዱ በኩል «አንተ ሰንበሌጥ!» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ተናወጠ። ወዲያው ወደ ሥራው ዞረ፣ ያቦካችውን አይቶ አፍንጫውን ነፋ፣ አሸዋና ኖራ አስጨመረ።

«አሁን አንቺ ቤት ግቢና ቀዳዳዋን ከውስጥ በመዳፍሽ ደግፊልኝ፤ አለዚያ ኖራው ወደ ውስጥ ያልፋል።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ነጩ ግድግዳ ላይ ባልዋ ተዘቅዝቆ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ኖራውን ያገላብጣል። አንድ ረጅም ሰው ከአጥሩ በኩል እየሮጠ መጣ፤ ቁመቱን እጥፍ አድርጎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይሳቁ፣ ያልቅሱ፣ መለየት አልቻለችም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አላየችም፤ ወደፊትም የምታይ አልመሰላትም።

«ያዝሽ?» አለ ድምፁ፣ አሁን ከግድግዳው ሥር።

«ያዝኩ!»

መዳፏን ስትከድንበት ግቢው ጠፋ፤ ክፍሉ ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛው፣ እርጥቡ ኖራ መጣና መዳፏን ነካት። ከኋላው የባልዋ ጣት እየጠቀጠቀ ሲገፋው ተሰማት። እሷም ገፋች።

«አትግፊ እንጂ! ያዢ ብቻ ነው ያልኩሽ!»

«አልገፋሁም» አለች እያለቀሰች፤ እጇንም አላነሳችም።