ቻርጅ እንቢ ያለው የጀማሉዲን ጎራዴ

ጎረቤቴ ጀማሉዲን ሰመራ ውስጥ መብራት ያልዘረጋበት ቤት ጥቂት ነው። የራሱ ደጃፍ አምፖል ግን ከተቃጠለ ቆይቷል። ስነግረው "ነገ፣ ኢንሻአላህ" ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ጎራዴ ሲጠግን አገኘሁት። እውነተኛ ጎራዴ እንዳይመስላችሁ። ስለቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረውበታል። እጀታው ውስጥ ባትሪ አለ፤ ከታች እንደ ስልክ የቻርጀር ቀዳዳ አውጥቶለታል። ሲበራ ሰማያዊ ነው። ሲበራ ነው እንግዲህ።

"ትናንት ሲበራ አላየሁትም እንዴ?" አልኩት።

"ባትሪው አለቀ። ቻርጅ ላድርገው ብል እንቢ አለኝ። የትናየት፣ ወላሂ አሁን አትቀልጂብኝ፤ ስዩም ሚሌን አልፏል።"

ስዩም፣ ጀማሉዲንና እኔ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው ያደግነው። ሐዲዱ ላይ ሚስማር አስቀምጠን እንሸሽ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍበት ተዳምጦ ትንሽ ጎራዴ ይሆናል፤ ስናነሳው ገና ይፋጃል። ሁለቱ ሲፋለሙ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ አንዳቸውንም አሸናፊ ማድረግ ደስ ስለማይለኝ ራሴን እሸልም ነበር። ያ ባቡር ቀረ። ስዩም የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሆነ፤ ባለፈ ቁጥር እኛ ጋ ሳይቆም አይሄድም።

ዛሬ ግን የመጨረሻ ጭነቱ ነው። መኪናውን ጅቡቲ ላይ ለሌላ ሹፌር አስረክቦ በአዲሱ ባቡር ይመለስና ወልቂጤ፣ ሚስቱ አገር ይገባል። አዲሱ ባቡር ደግሞ በእኛ በኩል አያልፍም። ጀማሉዲን ጎራዴውን የሠራው ለእሱ ነው፤ እያበራ በእጁ ሊሰጠው።

ገመድ ቀየረ፤ ምንም። ቻርጀር ቀየረ፤ ምንም።

"ድንጋዩን ገልብጠህ አስገብተህ እንዳይሆን" አልኩት።

"ይሄ የሬዲዮ ድንጋይ አይደለም፣ አንቺ!"

"አባቴ ሬዲዮው ዝም ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።"

አፌን ለማስያዝ እጀታውን ፈታው። "ይኸው፣ ባትሪው ልክ ነው፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከ..." ካቻቪቴው ቻርጀር ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ምነው?"

"ጥቁሩን ፌዝ አድርጌዋለሁ።"

የቤት መብራት ያስተማረው ሰው ኤሌክትሪክ የሚመጣው በጥቁሩ ሽቦ ነው ብሎ ነው ያሳደገው። እንዲህ ባለ ትንሽ ዕቃ ላይ ግን የሚመጣው በቀዩ ነው። እጁ ዓይኑን ሳያማክር አገላብጦ በይዶታል።

"ጎራዴው ግድግዳ መስሎህ ነዋ!" ብዬ ሳቅኩ። አልሳቀም። ሽቦዎቹን አቀያይሮ ሰካው፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ባትሪውን የምትሞላው ትንሿ ሰሌዳ ሞታለች። እሷን የመሰለች ደግሞ ከአዲስ አበባ ካልመጣች አትገኝም።

ስልኩ ጮኸ። ስዩም ሎግያ ደርሷል።

ጀማሉዲን ሰሌዳዋንም ባትሪውንም ቆርጦ አወጣ። የመብራቶቹን ሽቦ በቀጥታ ከቻርጀር ቀዳዳው ሽቦ ጋር አገናኘ፤ አሁን ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ጮክ ብሎ እየተናገረ። ግድግዳው ላይ ሲሰካው ሰማያዊ ሆነ። ሲነቅለው ጠፋ።

"ፍየል አደረግከው" አልኩት፤ "ካላሰሩት የማይሆን።"

"እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይሰጣል?" አለና ወደ ቤት ሊያስገባው ሲነሳ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

ስዩም ወፍሯል፤ ከጋቢናው የወረደው ወገቡን ይዞ ነው። አቀፈን። ጀማሉዲን አንድ እጁን ከጀርባው አላነሳም።

"ምን ደብቀህ ነው?"

"ያንተ ነበር፤ ተበላሸ። ካልሰኩት አይበራም።"

ስዩም ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ተመልሶ ጋቢናው ላይ ወጣና ስልኩን ከመኪናው ቻርጀር ነቅሎ ጎራዴውን በቦታው ሰካ። ጋቢናው ሰማያዊ ሆነ።

"ኧረ ጀማል! ኧረ አንተ ሰውዬ!" አለ። መሪውን ይዞ አንገቱን ደፋ፤ እኛም ሌላ ነገር የምናይ መሰልን።

ሲሄድ መሽቶ ነበር። ሰማያዊው በጎን መስኮቱ በኩል ለጥቂት ጊዜ ታየን።

"ወልቂጤ ገብቶ ሲሰካው፣ መብራት ቢጠፋስ?" አለ ጀማሉዲን።

"መብራቱ ሲመጣ አብሮ ይበራና ትዝ ትለዋለህ" አልኩት።