ማመም ሲጀምርዎ ይናገሩ

በዴንማርክ የምዕራብ ዩትላንድ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ "ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል" የሚል ፍጥረት ነው። የማላውቃቸውን ሰዎች እያማሁ አይደለም፤ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴም የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሦስት ቀን ላም ያለበ ሰው ነበር። ቢሆንም፣ ኦርሁስ ከተማ በምርምር ነርስነት በሠራሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እንደ ክሬስተን ቆሽቴን ያሳረረ ታማሚ አልገጠመኝም።

ክሬስተን ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። የግራ እግራቸው የደም ሥሮች ጠበዋል። ሲራመዱ ባታቸው ደም ይፈልጋል፤ ደሙ በበቂ አይደርስም፤ ጡንቻው ያማል። ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። ሐኪሞች የጠበበውን ሥር ሁለት ጊዜ በትንሽ ፊኛ አስፍተውላቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ተዘጋ። ከጉልበት በታች ያሉት ሥሮች ደግሞ ከመቅጠናቸው የተነሳ ሌላ ሥር ቢቀጠልባቸው አይችሉም። የቀራቸው የእኛ ጥናት ብቻ ነበር። ከዳሌ አጥንት መቅኔ እንቀዳለን፤ ላቦራቶሪያችን ሴሎቹን ለይቶ ያራባል፤ ከዚያ ባት ውስጥ እንወጋቸዋለን፤ አዲስ የደም ሥር ይበቅላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስካሁን ከሞከርንባቸው ሰዎች ግማሾቹ ተሽሏቸዋል። ይህ ካልተሳካ ግን የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ እግሩ ይቆረጣል።

"ታዲያ ምን አሉ?" ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

"'እሺ' አሉ።"

ወደ ጥናቱ ለመግባት በመሮጫ ማሽን ላይ በዝግታ መራመድ ያስፈልጋል። ሕመሙ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላ ከጀመረ ሰውየው ይገባል። ካለፈ "በሽታው ቀላል ነው" ተብሎ ይመለሳል። በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል፣ አማካዩ ይያዛል። ይህን የመግቢያ ቁጥር ለታማሚው መንገር ክልክል ነው፤ ካወቀማ ሃምሳ ሜትር ላይ እሪ ይላል ተብሎ ተፈርቷል። እኔ የምለው ነገር ካርድ ላይ ተጽፎ ተሰጥቶኛል። ከዚያ ውጭ አንዲት ቃል ብጨምር ውጤቱ ይሰረዛል።

"ባትዎን ማመም ሲጀምርዎ ወዲያውኑ ይናገሩ" ብዬ አነበብኩላቸው።

"ችግር የለም" አሉ ክሬስተን።

ባታቸው ላይ የጡንቻውን ኦክስጅን የሚያሳይ መለኪያ ለጥፌያለሁ። ገና መቶ ሜትር ሳይሞላ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ወረደ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ዶርተ፣ ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሯል" አሉኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ። መቶ ሃምሳ አለፈ። ሁለት መቶም አለፈ። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ "ትንሽ ይሰማኛል" አሉ።

"ሕመም ነው?" ይህን መጠየቅ ይፈቀድልኛል።

"ሕመም እንኳ አልለውም። ይሰማኛል።"

ሁለት መቶ ሠላሳ ብዬ መዘገብኩና በቀጥታ ወደ ዶክተር ትሮልስ ቢሮ ሄድኩ። ጥናቱን የሚመራው እሱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ደንብ ሲያይ እንደ ታቦት ይሳለማል።

"መስመሩን እየው!" አልኩት። "መቶ ሳይሞላ ጡንቻቸው ታንቋል።"

"አይቻለሁ። ደንቡ የሚጠይቀው ግን የታማሚውን ቃል ነው።"

"ደንቡን የጻፉት ኮፐንሃገኖች ናቸዋ! እዚያ እኮ ሰው ጫማ ሲጠበው አምቡላንስ ይጠራል።"

"ዶርተ፣ በየሰዉ ጠባይ ደንብ መቀያየር ከጀመርን ጥናቱ ጥናት መሆኑ ይቀራል።"

ትክክል ነው። ይበልጥ ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የክሬስተን ባለቤት ኤልና ቁጭ ብለው ጥቁር ዳቦ በሄሪንግ ዓሣ ይበላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ቤት አካባቢ ሲራመዱ እንዴት ናቸው?"

ኤልና ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱ? ከቤት እስከ ወደቡ አራት ጊዜ ይቆማል። አንዴ የሰው ጀልባ ያደንቃል፣ አንዴ የጫማውን ክር ያስራል። እኔም ምንም እንዳላየሁ እሆናለሁ።"

"ለምን አመመኝ አይሉም?"

"ምን ነካሽ አንቺ! አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ጊዜ ጥርሱን አሞታል። ያንንም የነገረኝ የጥርስ ሐኪሙ ነው።"

ትከሻቸውን ይዤ "ሁለት መቶ ሳይሞላ ይጩኹ ይበሏቸው!" ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ሥራዬም፣ የክሬስተንም ዕድል በአንድ ቃል ይበላሻል። ዝም ብዬ መነሳቱም አላስችል አለኝ።

"የሚመጣው ሐሙስ ወሳኝ ነው" አልኳቸው። "ይህን ብቻ ይንገሩልኝ።"

ኤልና ትልቅ አደራ እንደተቀበለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በብልጠቴ እየተደሰትኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሞኝ!

ሐሙስ ዕለት ክሬስተን አዲስ የስፖርት ጫማ አድርገው መጡ። ጉንጫቸው በነፋስ ቀልቷል።

"ሳምንቱን ሙሉ በባሕሩ ግድብ ላይ ሲለማመድ ከረመ" አሉ ኤልና በኩራት። "ወሳኝ ነው ብላለች አልኩት። ዝናብ አላለ፣ ነፋስ አላለ፣ ጠዋት ማታ!"

የማሽኑን መደገፊያ ያዝኩ።

"ይገባኛል" አሉ ክሬስተን ቀበቷቸውን እያጠበቁ። "እኔም ጀልባዬ ላይ ሰው ስቀጥር ነው የኖርኩት። ገና ሲፈተን 'ወገቤን አመመኝ' የሚለውን አልወስድም ነበር።"

ካርዱን አነሳሁ። "ባትዎን ማመም" አልኩ ቃሉን እንደ መርጌታ እየጎተትኩ፣ "ሲጀምርዎ። ወዲያውኑ። ይናገሩ።"

"ሰማሁሽ እኮ። ጆሮዬ ደህና ነው።"

ማሽኑ ተነሳ። መስመሩ እንደ ባለፈው ቶሎ ወደቀ። ክሬስተን ግን ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ቀጠሉ። መቶ። ሁለት መቶ። በልቤ 'ተናገር አንተ ሰውዬ' እያልኩ እለምናቸዋለሁ፤ አንቱታው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ሦስት መቶ ላይ ግራ እግራቸው መጎተት ጀመረ። አራት መቶ አሥር ላይ እጃቸውን አነሱ።

"አሁን ይበቃል።"

"አመመዎት?"

"ደከመኝ።"

መዘገብኩ። ትሮልስ መጣና አየ፤ እኔን ላለማየት እየጣረ ፈረመ። አማካይ፣ ሦስት መቶ ሃያ። ኮምፒውተሩ ገጹን ቆለፈና "ተቀባይነት የለውም" የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ይኼኔ ነው ደንቡ ምላሴን የሚፈታልኝ፤ ለምንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

"አለፍኩ?" አሉ ክሬስተን ላባቸውን እየጠረጉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

"አላለፉም፣ ክሬስተን። ብዙ ሄዱ። ሕመሙ ከሁለት መቶ ሜትር በታች መጀመር ነበረበት።"

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ቀስ እያለ ነው የሄደው። ኤልና ከበሩ አጠገብ "ወሳኝ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ" አሉኝ። አዎ፣ ብዬ ነበር።

"ደካሞቹን ነው እንዴ የምትወስዱት?" አሉ ክሬስተን።

"የታመሙትን!" ብዬ ጮኽኩ። ታማሚ ላይ ጮኼ አላውቅም። "የታመሙትን ነው የምንወስደው! እርስዎ ደግሞ ታመዋል! መለኪያው ይናገራል፣ ፊትዎ ይናገራል፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የማይናገሩት!"

አልተቆጡም። የማሽኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ግራ እግራቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"ሰባ ሁለት" አሉ።

"ምን?"

"ሰባ ሁለት ሜትር ላይ ነው የጀመረኝ። ባለፈው ሳምንት ሰባ ስምንት ነበር። የማሽኑ ሜትር ቆጣሪ ፊት ለፊቴ ነው፤ አያለሁ።" ድምፃቸው ተሰበረ። "ከዚያ በኋላ ያለውማ... በጣም ነው የሚያመኝ፣ ዶርተ። በጣም።"

ትሮልስ አንገቱን ደፋ። ኤልና ባላቸውን አፍጥጠው አዩ፤ ሲቆዩ ወደ እኔ ዞረው ክንዴን ያዙኝ።

"በይ ጻፊዋ! ተናገረልሽ እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ ናቸው። በተቆለፈው ገጽ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።